ኡርጂ ወፍጮዋን እንዴት እንዳስተኛች

የኡርጂ አንድ ተራ ቀን ስንት ያስወጣል ቢባል፣ በብር የሚቆጠረው ቀላሉ ነው። ዳቦ አለ፣ የሕፃን ልጇ የዝማሬ ወተት አለ። መብራት አለ፣ የኢንተርኔት ጥቅል አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አንዳንድ ቀን የጀሪካን ወጪ ይጨመራል። ይህን ሁሉ ባለቤቷ ደረሳ የሰው ቤት ቧንቧ ሲዘረጋ ውሎ በሚያመጣው፣ እሷም የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራ በምታገኘው ይሸፍኑታል። የጎደለው ለነገ ይባላል፤ ነገም አያሳፍርም። ኡርጂን የሚከብዳት በብር የማይከፈለው ነው። ቀኑ ሲመሽ ሁልጊዜ ከልጇ እንቅልፍ ላይ ቆርሶ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝማሬ ስትተኛ ኡርጂ ትሠራለች። ኡርጂ ስትሠራ ኮምፒውተሩ ይጮኻል። ኮምፒውተሩ ሲጮኽ ዝማሬ ትነቃለች። ዝማሬ ስትነቃ ሥራው ይቆማል። ቤታቸው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ነው፤ በአከራያቸው ግቢ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ክፍል። አልጋውም ምድጃውም ኮምፒውተሩም እዚያችው ውስጥ ናቸውና አንዱ ካንዱ የሚሸሽበት ቦታ የለም።

ኮምፒውተሩ የተገዛው ከተዘጋ ጌም ቤት ነው። ጉልበታም ነው፤ ሥራ አይመርጥም። ግን የተቆራረጠውን ሰርግ ሁሉ አገጣጥሞ አንድ ቪዲዮ አድርጎ ሲያወጣ፣ ባለሙያዎቹ «ሬንደር» የሚሉት ሥራ ላይ ሲደርስ፣ ይግላል። ሲግል ውስጡ ያሉት ትንንሽ ማራገቢያዎች ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ብለው ይሽከረከራሉ። በዚያ ላይ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ በጋ ነው፣ ሰርግ የሚበዛውም በበጋ ነው።

የደረሳ እናት ከዲጋ ሊጠይቁ መጥተው አንድ ቀን ሰሙት። ቤተሰቡ በሙሉ በሕፃኗ አፍ «አኮ» ይላቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው።

«ይኼ ምንድን ነው? ልጅ የምታሳድጉት ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ ነው፣ አኮ። ሙቀት በዝቶበት ነው» አለች ኡርጂ።

«ከሞቀው ወደ ውጭ አውጡት።»

«ውጭ ካደረ ሌባ ይወስደዋል።»

«እሱ ራሱ ሌባ አይደለም? የልጄን እንቅልፍ በጠራራ ፀሐይ እየሰረቀ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮምፒውተሩ ስም ወፍጮው ሆኖ ቀረ። አኮ ግን ቀልደው ብቻ አልተነሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ ሲያልቅ እመጣለሁ» አሉ። «እስከዚያ ወፍጮው ዝም ካለ ጥሩ። ካላለ ዝማሬን ዲጋ እወስዳታለሁ። ነፍስ እስክታውቅ እኔ ጋ ትደግ። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይቀጭጫል፣ ኢንተላ ኮ።»

«ልጄ» ብለው በፍቅር ነው የተናገሩት። ኡርጂን ያስጨነቃትም ይኸው ነው፤ ክፉ አማት ቢሆኑ ኖሮ መልስ አታጣም ነበር። ደረሳ ራሱ ያደገው አያቱ ጋ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በአገሩ ነውር የለውም። ዲጋ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ግን ዝማሬ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው ሌላ ሰው ሊሆን ነው። ኡርጂ «እሺ» አለች። እሺ ያለው አፏ ብቻ ነበር።

ሥራውን ልተወው ብላ አስባለች። ተወችው እንበል፣ ግማሹ ወጪ በማን ይሸፈናል? ዝማሬን በአንድ እጇ ይዛ እያጠባች በሌላ እጇ ስልኳን ስትነካካ ነው እንግዲህ ያን ቪዲዮ ያየችው። አንድ ወጣት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያሳያል፤ ውስጡ እንደ ደም ሥር ቱቦ ተዘርግቶ ውሃ ይዞርበታል። ድምፅ የለውም።

ማታ እራት ላይ ነገሩን አነሳችው።

«ደረሳ፣ ኮምፒውተር በውሃ ማቀዝቀዝ ይቻላል።»

«በውሃ?» ደረሳ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃና መብራት እንዳይገናኙ ስታገል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ሚስቴ ልትድራቸው ነው?»

«አይገናኙም። ውሃው በቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ ዕቃውን አይነካውም።»

«የማያፈስ ቱቦ ያለበት ቤት ካገኘሽ ንገሪኝ፤ ሥራዬን እተዋለሁ።»

«አንተ የገጠምከው ያፈሳል?»

ደረሳ አኝኮ ዋጠ። «እኔ የገጠምኩትማ...» አለና የተያዘ መሆኑ ገብቶት ሳቀ።

«ከዲዴሳ ሸለቆ ተጭኖ የሚወጣው ኢሱዙ ሞተሩ በምን ይቀዘቅዛል?»

«በውሃ።»

«ታዲያ የኔ ኮምፒውተር ከኢሱዙ በምን ያንሳል?»

«ጭነት የለውማ!»

«የሙሽሪትን አክስቶች በሙሉ ተሸክሞ ነው የሚውለው!»

በማግስቱ ኡርጂ ያለፈውን ዓመት የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ከግድግዳ አውርዳ ጀርባው ላይ መሳል ጀመረች። አራት ነገር ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ የሚያስብባት፣ የምትግለዋ ትንሽ ዕቃ ላይ የሚቀመጥ፣ ውስጡ ውሃ የሚያልፍበት የመዳብ ክዳን፤ ውሃውን የሚገፋ ፓምፕ፤ ውሃው ሙቀቱን የሚያራግፍበት ራዲያተር ከነሰፊ ማራገቢያው፤ ውሃው የሚጠራቀምበት ጠርሙስ። ማራገቢያ ሰፊ ከሆነ ቀስ ብሎ ቢዞርም ይበቃዋል፤ ቀስ ካለ ደግሞ አይጮኽም።

ደረሳ ሥዕሉን አዙሮ አዙሮ አየው። «እሺ፣ ውሃው ሞቀ። ከዚያስ?»

«ዝማሬን ትኩሳት ሲይዛት ምን እናደርጋለን? ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ። ጨርቁ ሲሞቅ እናነሳዋለን፣ እናቀዘቅዘዋለን፣ እንመልሰዋለን። ይኼም ያው ነው። ጨርቁን የሚያመላልሰው ፓምፕ ነው።»

«እንደሱ ብለሽ ብትጀምሪልኝ ኖሮ እራቴን በሰላም እበላ ነበር» አለ ደረሳ።

ክዳኑንና ፓምፑን የሚያመጣው ኢስማኢል ነው። ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የከረመ፣ የስልክና የቻርጀር ሱቅ ያለው፣ ዕቃ ሲያልቅበት ወደ መርካቶ የሚወርድ ነጋዴ ነው። ኡርጂ ሱቁ ሄዳ ፎቶውን በቴሌግራም ላከችለት። እሱም አጠገቧ ቆሞ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ።

«እህቴ፣ መርካቶ የሌለ ነገር የለም። ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? የዓሣ ማርቢያ ነው?»

«ዓሣ የለበትም።»

«ጥሩ። ዓሣ ከሌለበት ቢሰበርም ለቅሶ አንቀመጥም።»

ሲመለስ ካርቶኑን በሁለት እጁ እንደ እንቁላል ይዞ ቤቷ ድረስ መጣ። «ሻጩ፣ ነቀምቴ ውስጥ ይኼን ማን ሊገጥመው ነው አለኝ። አንዲት የሰርግ ሴት ናት አልኩት። ገና አፉን እንደከፈተ ነው።»

ራዲያተሩን ልታፈላልግ ልጇን አዝላ በከኒሳ ቀሴ ወደሚባለው ሰፈር ሄደች፤ እዚያ ኦቦ ሞሲሳ የተባለ የራዲያተር ጠጋኝ አለ። ከሰላምታው በኋላ ፊት ለፊት ተናገረች።

«ትንሽ ራዲያተር ፈልጌ ነው። የመዳብ። አሉሚኒየም እንዳይሆን።»

«የምን መኪና ነው?»

«መኪና አይደለም።»

«ጄኔሬተር?»

«ኮምፒውተር።»

ሞሲሳ የሚበይድበትን እሳት አጠፋ። «ማል ጄቴ?» አለ፤ ምን አልሽ እንደማለት ነው። ኡርጂ ደገመችለት። ወዲያው ዞሮ አጠገቡ ጎማ የሚጠግነውን ጎረቤቱን ጠራ፤ «አንተ ሰው፣ ናማ! ኮምፒውተር ፈልቶ ቆሟል!» ሁለቱም ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ዝማሬም ጀርባዋ ላይ ሆና ሳቀች። ሳቁ ሲያበቃ ሞሲሳ በቁም ነገር ጠየቃት። «መዳብ ካልሆነ ያልሽው ለምንድን ነው?»

«ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ክዳን መዳብ ነው። መዳብና አሉሚኒየም አንድ ውሃ ከጠጡ እየቆየ አንዱ አንዱን ይበላዋል አሉ።»

«ልክ ነው። እንደ ጣውንት ናቸው» አለና ከክምሩ ሥር የምጣድ ክዳን እንኳ የማታክል ራዲያተር ጎትቶ አወጣ። «ይቺ ከአሮጌ ሚኒባስ የወጣች የማሞቂያ ራዲያተር ናት። እዚህ አገር ማሞቂያ የከፈተ ሹፌር አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አዲስ በያት።» ውስጧን ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ደጋግሞ አጠበላት። የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ እንደሚያደርገው ነጭ ቅርፊት እንዳይጥል ደግሞ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ ሁለት ላስቲክ ጨመረላት። ሲሸኛት «ሲሠራ ጥሪኝ። ካልሠራም ጥሪኝ፤ እስቃለሁ» አለ።

መግጠሙ የደረሳ ሆነ። የራዲያተሩ አፍ ሰፊ፣ የክዳኑ ጠባብ ነበር፤ ከሰፊ ወደ ጠባብ የሚያሳንሱ መገጣጠሚያዎች ከሥራ ቦርሳው አወጣ። ኡርጂ ደግሞ ቱቦው የሚያልፍበትን ሁሉ አስቀድማ በክር ለክታ ነበርና አንድም የተቆረጠ ቱቦ አልባከነም። እስከዚህ ድረስ ማንም ሰው ቢያያቸው ጎበዞች ናቸው ይላል።

ስህተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ነቀምቴ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ሮቶ አለው፤ የሮቶው ቦታ ደግሞ የታወቀ ነው፣ ከብረት መቆሚያ ላይ፣ ከጣሪያ በላይ። ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው በኃይል ይወርዳል። ደረሳ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰቀለው ሮቶ ቢደረደር ጨለለቂን ይዞራል። እና ምን አደረገ? ጠርሙሱንም ራዲያተሩንም ሽቅብ ወስዶ ከቆርቆሮው ሥር፣ ከማገሩ ላይ ሰቀላቸው።

«ግፊት ይኖረዋል» አለ ከወንበር ላይ ሲወርድ እጁን እያራገፈ።

ኡርጂም «በጣም ጥሩ» አለች። ውሃ የደረሳ ነው፤ በውሃ እሱን ማን ይከራከረዋል?

እሁድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሳይከፍቱ ፓምፑን ብቻ አስነሱት። በየመገጣጠሚያው ሶፍት ጠቀለሉ፤ የሚያፈስ ካለ ሶፍቱ ርሶ ያጋልጠዋል። ከዚያ ቤቱን ዘግተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ደረሳ መዘምራን ውስጥ ነው፤ ያን ቀን ግን አፉ መዝሙሩ ላይ ሆኖ ልቡ መገጣጠሚያው ላይ ነበር፤ አንድ ስንኝ ቀድሞ ገብቶ ብቻውን ዘመረ። ተመልሰው በሩን ሲከፍቱ ሮጦ ሶፍቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሁሉም ደረቅ ናቸው።

«ሃሌ ሉያ!» ብሎ ሲጮኽ እናቷ ጀርባ ላይ የተኛችው ዝማሬ ነቃች። ወፍጮው ሳይሆን አባቷ የቀሰቀሳት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ሰኞ ጠዋት ኡርጂ ከጊምቢ የመጣላትን የሰርግ ቪዲዮ ከፈተች። ኮምፒውተሩ ሥራውን ያዘ፤ ድምፁ እንደ ንብ ብቻ ነበር። ዝማሬ ተኛች። ኡርጂ በደስታ የት እንደምትቀመጥ ጠፋት። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ቆርቆሮው መንጣጣት ጀመረ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የሙቀት ቁጥር ወጣ፣ ወጣ፣ ቀይ ሆነ። የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ የቀሩት ማራገቢያዎች ተራ በተራ ተነሱ፣ ጮኹ። ዝማሬም ተነስታ ጮኸች። ልክ በዚያው ሰዓት ስልኩ ጠራ፤ አኮ ናቸው።

«ቡናው ደርቋል። ነገ እመጣለሁ» አሉ። ከዚያ ቆም ብለው አዳመጡ። «ይኼ የምሰማው ወፍጮው ነው አይደል?»

ኡርጂ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ዝማሬን ከአልጋው አነሳች።

ደረሳ ለምሳ ሲመጣ ሚስቱን አየ፣ ራዲያተሩን አየ። «ትንሽ ከፍ ባደርገውስ?»

«ከጣሪያው በላይ ልታወጣው ነው?»

ዝማሬ ስለራባት ኡርጂ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ ላይ ወተቷን አነሳች። ወተት ሁልጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ። ፀሐይ ከማትደርስበት የግቢው ግንብ ጋር የተያያዘ ጥግ ስለሆነ በእኩለ ቀንም ይቀዘቅዛል። ጠርሙሱ እጇን ሲያቀዘቅዘው ቀጥ ብላ ቆመች። ልጇን ለደረሳ ሰጠች፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ ራዲያተሩን ነካች። እንደ ምድጃ ይፋጃል።

«ደረሳ፣ ወተቱን እዚህ ጣሪያ ሥር ለምን አንሰቅለውም?»

«ይበላሻላ!»

«ታዲያ ይኼስ?»

የሙያ ክብር ግን ቶሎ እጅ አይሰጥም። «ራዲያተር መሬት ላይ ከወረደ ያቺ ድንቢጥ ፓምፕ ውሃውን እንዴት ታወጣዋለች? ሮቶ መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ኡርጂ!»

«የሰው ቤት ውሃ ወርዶ ባልዲ ውስጥ ይቀራል። የኛ ውሃ ግን ወርዶ ይመለሳል። ጉድጓድ ላይ ሁለት ባልዲ በአንድ ገመድ ስታስር አንዱ ሲወርድ ሌላውን አያወጣውም? የሚወርደው የሚወጣውን ያግዘዋል። ፓምፗ እንዲዞር ብቻ ነው የምትገፋው።»

ደረሳ ዝማሬን ታቅፎ በክፍሏ ውስጥ አንድ ሁለቴ ተመላለሰ። «ጠርሙሱ ግን ከላይ ይሁን» አለ በመጨረሻ። «አየሩ ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫው እሱ ነው። ፓምፑም ከሥሩ ካልሆነ አየር ይስባል።»

«እሱ ልክ ነው። ሮቶው ያንተ፣ ራዲያተሩ የኔ።»

ተስማሙ። ጠርሙሱን ከማገሩ አውርደው ከጠረጴዛው በላይ ያለች መደርደሪያ ላይ አደረጉት። ራዲያተሩን ወተቱ ቦታ ላይ፣ ሁለት ጡብ ላይ አቆሙት። የዝማሬ ጣት ማራገቢያው ውስጥ እንዳይገባ ኡርጂ የለስላሳ ሳጥን ደፋችበትና በሽቦ አሰረችው። እንደገና ሶፍት፣ እንደገና ፓምፑ ብቻውን፣ እንደገና ጥበቃ። ሶፍቶቹ እንደደረቁ አደሩ።

አኮ በማግስቱ መጡ። በአንድ እጃቸው የበሰለ ሙዝ፣ በሌላው ተጣጥፎ የታጠበ ማዘያ። ኡርጂ ማዘያው ለምን እንደመጣ ገባት፤ ግን ሥራዋን ሆን ብላ አላቆመችም ነበር። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ የጊምቢው ሰርግ ሬንደር ላይ ነው፣ ዝማሬ አልጋው ላይ ተዘርራ ተኝታለች።

አኮ በሩ ላይ ቆሙ። አዳመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሸጣችሁት?» አሉ።

«የለም አኮ፣ እየሠራ ነው። ያውና።»

አኮ ወደ ስክሪኑ ሄዱ፣ ሙሽራውን አዩ፤ ወደ ጥጉ ሄደው የለስላሳ ሳጥኑን አዩ። «ከዚህ ሥር ያለው ምንድን ነው? ጫጩት ነው?»

«የሚኒባስ ራዲያተር ነው።»

«ጌታ ሆይ!» አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እንግዲህ ትንቃና እንነጋገራለን። የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም።»

ዝማሬ አልነቃችም። ለወራት የተሰረቀባትን እንቅልፍ ከነወለዱ የምታስመልስ ይመስል ነበር። አኮ ጫማቸውን አወለቁ። ቡና ሲለቅሙ የከረመ ወገባቸውን አሳረፉ። ሙሽራው ኬክ ሲቆርስ ሳያዩ እሳቸውም ከልጅ ልጃቸው አጠገብ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ኡርጂ ወንበሯ ላይ ሆና ሁለቱን አየች፣ ማዘያውን አየች፣ ሥራዋን ቀጠለች።

ሰርጉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የግቢው ቆርቆሮ በር ተናጋ። ጓ! ጓ! ጓ! አንድ ደንበኛ ፍላሽ ይዞ መጥቶ፣ ከመሬት ድንጋይ አንስቶ እንደ አገሩ ወግ እያንኳኳ ነው። ዝማሬ ደንግጣ ተነሳች። ከእሷ በፊት ግን የተነሱት አኮ ናቸው። ባዶ እግራቸውን ወጥተው በሩን ከፈቱት።

«አንተ ሰውዬ! ማሎ፣ እባክህ፣ በር ነው ወይስ ከበሮ? ሕፃን ተኝታለች እኮ!»

«ይቅርታ እማማ... የቪዲዮ ቤት ነው ብለውኝ...»

«ቪዲዮ ቤት ነው። ወፍጮ ቤት አይደለም!»

ኡርጂ ይህን ከውስጥ ሆና ሰማች። አኮ ተመልሰው ማዘያውን አንስተው ዘረጉት፣ ዝማሬን አዝለው እሹሩሩ እያሉ ክፍሏ ውስጥ ዞሩ። ሲበቃቸው ለእናቷ መለሱላት። ማዘያውንም አብረው ሰጡ። «ይኼ እዚሁ ይቅር። ሌላ ጊዜ ስመጣ ከዲጋ ድረስ አልሸከመውም» አሉ። ደረሳ ማታ ሲገባ እናቱ የለስላሳ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠው ራዲያተሩ እንዴት እንደሚሠራ ለአከራይዋ ሲያስረዱ ደረሰ፤ ትኩሳትና እርጥብ ጨርቅ እያሉ።

እንግዲህ አሁን በዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉም የሚበልጠው ጩኸት የግቢው በር ነው። ስለዚህ ኡርጂ አንድ ነገር ትለምናችኋለች። ሰርጋችሁን ልታስቀናብሩ፣ ወይም ያን የውሃ ማሽን ልታዩ ጨለለቂ ስትመጡ፣ እባካችሁ በድንጋይ አታንኳኩ። ደረሳ ከበሩ ቀዳዳ ቀይ ገመድ አውጥቷል። ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ ይከፈታል፤ ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ። ዝማሬ ተኝታለች።